ወደ ሕፃናት ሆስፒታል ለምትወጣ ተማሪ ልጃችን ምን እናዘጋጅላት?

 



ዛሬ በየቤታችን ነርሲንግ የሚማሩ ወንዶችና ሴቶች ልጆች አሉን። እነዚህ ልጆች ከክፍል ትምህርታቸው በኋላ ወደ ሆስፒታል ወጥተው በሕሙማን ላይ ሥራ የሚለማመዱበት ጊዜ ይመጣል። እነርሱ “አታችመንት ወጣን” ይሉታል። ከሚመደቡባቸው ክፍሎች አንዱ የሕፃናት ክፍል ነው። በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና የካቲት 12 ባሉ ሆስፒታሎች የሕፃናት ሕክምና ክፍሎች አሉ። ኪዩር ኢትዮጵያን የመሰለ ለሕፃናት ቀዶ ሕክምና የተቋቋመ ሆስፒታልም አለ። በክልሎችም የሚመደቡ ተማሪዎች በየሆስፒታሉ የሕፃናት ዋርድ ይገባሉ።

ይህ ወቅት ሲቃረብ ወላጆች ወደ እኛ እየመጡ “ሌሊት ተረኛ ልትሆን ነው፣ እንዴት እንልቀቃት?”፣ “ሂጃቧስ?”፣ “አልኮል በእጇ ትቀባለች አሉ፣ ይፈቀዳልን?” እያሉ ይጠይቁናል። ልጆቹም በበኩላቸው የሚያስፈራቸውን ያጫውቱናል። በመሆኑም ሙያውን የሚያስተምሩ ወንድሞችና እህቶችን ጠይቀን ያገኘነውን፣ ከዲናችን ሥርዓት ጋር አያይዘን ልናቀርብላችሁ ወደድን። ንግግራችን “ልጃችን” እያለ በሴት ይሂድ እንጂ ለወንዶቹም ነው።

የሕፃን በሽተኛ ልዩነቱ

አዋቂ ሰው ሲታመም “እዚህ ጋ ይወጋኛል፣ ትናንት ጀመረኝ” ይላል። ሕፃን ግን ያለቅሳል፤ ሲብስበት ደግሞ ማልቀሱንም ይተወዋል። አዲስ ተማሪ ብዙ ጊዜ የምትሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጮኾ የሚያለቅሰውን ልጅ ታቅፋ ታባብላለች፣ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተኛውን ግን “ጎበዝ፣ አስተኝቶታል” ብላ ታልፈዋለች። ሊሞት የተቃረበው ይህ ዝም ያለው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ዓይንን ማሠልጠን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለ ልጅ ላይ አስቀድሞ የሚታዩ አራት የአደጋ ምልክቶች አሉ። እነርሱም መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ እንዲሁም መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት ናቸው። ልጃችን እነዚህን አራቱን ከእንቅልፏ ብትቀሰቀስ እንኳ ሳታስብ መቁጠር መቻል አለባት። እናንተም ወላጆች ብትይዟቸው ለቤታችሁ ይጠቅማችኋል። ከአራቱ አንዱ የታየበት ልጅ ነገን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ሁለተኛው መቁጠር ነው። የሕፃን አተነፋፈስ የሚቆጠረው ልጁ ሳያለቅስ፣ በእናቱ እቅፍ እንዳለ፣ ልብሱ ከፍ ተደርጎ ደረቱና ሆዱ እየታየ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነው። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አያስተማምንም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያልና። ከሁለት ወር በታች ለሆነ ጨቅላ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ላልሞላው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ልጃችን ይህን በታናናሾቿና በጎረቤት ልጆች ላይ በጤናቸው ጊዜ ትለማመድ። ጤነኛውን አብዝቶ ያየ ሰው ሕመምተኛውን ቶሎ ይለያል።

ሦስተኛው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ከሩቅ ማየት ይቀድማል፣ ከዚያ መቁጠር፣ ከዚያ መንካት ይመጣል። የሚያመው ነገር መጨረሻ ላይ ይሁን። ገና ስትገባ ቴርሞሜትር ወይም መርፌ ይዛ የቀረበች ተማሪ ልጁን ታስለቅሰዋለች፤ ከዚያ በኋላ የምትቆጥረው ሁሉ ትክክለኛ አይሆንም።

ኪሎ እና ነጥብ

የሕፃን መድኃኒት የሚሰጠው በኪሎ ተሰልቶ ነው። ለምሳሌ ለትኩሳት የሚሰጠውን ፓራሲታሞል እንውሰድ። በአንድ ኪሎ 15 ሚሊግራም ቢታዘዝ፣ 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 120 ሚሊግራም ይሆናል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም ያለው ከሆነ ልጁ የሚወስደው 5 ሚሊ ሊትር ነው። አሁን ሚዛኑን ያነበበው ሰው 8ን 18 ብሎ ቢጽፍ፣ ስሌቱ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት ልጁ ከእጥፍ በላይ መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህ ልጃችን ከስሌቱ በፊት “ይህ ልጅ በእርግጥ ይህን ያህል ይመዝናል?” ብላ ልጁን ትመልከት። ካጠራጠራት ትመዝነው።

ነጥብም እንዲሁ ነው። ግማሽን ስትጽፍ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ታስቀምጥ፤ 0.5 ትበል። ዜሮዋ ከቀረች ነጥቧ ሳትታይ ትቀርና አንባቢው 5 ብሎ አሥር እጥፍ ይሰጣል። ሙሉ ቁጥር ስትጽፍ ደግሞ ከኋላው ነጥብና ዜሮ አታስከትል፤ 5.0 የሚለው 50 ተብሎ ይነበባልና። ከዚህ ሁሉ በላይ ተማሪ ብቻዋን መድኃኒት አትሰጥም። አስተማሪዋ ወይም ተረኛዋ ነርስ ስሌቱን ለራሷ ሠርታ፣ ሁለቱ መልሶች ሲገጥሙ ብቻ ይሰጣል።

ስለ ጉሉኮስም አንድ ነገር እንበል። በአገራችን አስታማሚ ልጁ ጉሉኮስ ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለውም። ተማሪዋን ብቻዋን ሲያገኛት “እባክሽ ልጄ፣ ትንሽ ፈጠን አድርጊለት” ይላታል። ፌስት በሚል ስም የሚታወቅ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች 3,141 ሕፃናትን ይዞ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ሆኗል። ጥናቱ ከባድ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም የነበረባቸውን ልጆች ተከታተለ። በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ከተሰጣቸው ከመቶው ከአሥር በላይ የሚሆኑት በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ በዚያ መልክ ካልተሰጣቸው የሞቱት ከመቶው ሰባት ገደማ ነበሩ። ክፉኛ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅም ልቡ ስለሚደክም በፍጥነት የሚገባ ፈሳሽ ሊገድለው ይችላል። ይህ ማለት ፈሳሽ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በተቅማጥ እጅግ ለደረቀ ልጅ ሕይወቱ ነው። ዳሩ ግን መጠኑና ፍጥነቱ የሚወሰነው በባለሙያ ትእዛዝ እንጂ በአስታማሚ ልመና ወይም በተማሪ ርኅራኄ አይደለም። ያለ ዕውቀት መራራት የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

እጅ

እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ከተማ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም አንድ አስደንጋጭ ነገር አስተዋለ። ወላዶችን በትኩሳት የሚገድለውን በሽታ ከአስከሬን ምርመራ ክፍል በእጃቸው ይዘው ወደ ማዋለጃው የሚገቡት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ሆነው አገኛቸው። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። ለመማር የገባ እጅ በሽታ አመላላሽ ሊሆን እንደሚችል ተማሪ ሁሉ ሊያስታውስ ይገባል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እጅ የሚጸዳባቸው አምስት ጊዜያት አሉ። በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነኩ በኋላ፣ እንዲሁም አልጋውንና በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ ነው። በሳሙናና በውሃ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ማሻሻ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይወስዳል። እኛ ሙስሊሞች በውዱእ መታጠብን ለምደናል፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ለሶላት ያደረግነው ውዱእ የዋርዱን እጥበት አይተካም፤ ሳሙና፣ የጣት መሃል፣ የአውራ ጣትና የጥፍር ሥር ይፈልጋል። ጓንትም እጥበትን አይተካም።

ስለ አልኮሉ ለምትጠይቁን፣ በሙስሊም ዓለም ሊግ (ራቢጣ) ሥር ያለው የፊቅህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2002 መካ ላይ ባካሄደው 16ኛ ጉባኤው፣ አልኮልን ከውጭ ቁስልን ለማጽዳትና ተሕዋስያንን ለመግደል መጠቀም እንደሚፈቀድ ወስኗል። ስለዚህ ልጃችን በዚህ ምክንያት እጇን ሳታጸዳ ሕፃን እንዳትነካ አደራ እንላለን።

መርፌንም እናንሳ። የተጠቀሙበትን መርፌ መልሶ መክደን ክልክል ነው፤ እንዳለ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል። ድንገት ቢወጋት ቦታውን ሳትጨምቅ በሳሙናና በውሃ ታጥባ ወዲያውኑ ለአስተማሪዋ ትንገር። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ተግሣጽ ፈርታ የምትደብቅ ልጅ ራሷን ትጎዳለች። የሄፓታይተስ ቢ ክትባቷንም ሳትወጣ በፊት ትጨርስ።

ሂጃብ እና አለባበስ

ሂጃብ ለሥራው እንቅፋት አይደለም፤ አለባበሱ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ጫፉ ተንጠልጥሎ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚነካካ ከሆነ በሽታ ያመላልሳል፤ ስለዚህ ወደ ጋውኑ ውስጥ ይግባ። ስፒል ደግሞ ከራስ ላይ ወድቃ በሕፃን አልጋ ላይ ልትቀር፣ ሕፃኑም ሊውጣት ይችላል። በምትኩ የሚጠለቅ፣ ስፒል የማይፈልግ ሂጃብ ይዘጋጅላት፤ በየቀኑ የሚቀየርና የሚታጠብ ሁለት ሦስት ይኑራት። እጅጌዋ ለእጥበት የሚሰበሰብ ይሁን። ቀለበት፣ አምባርና ረጅም ጥፍር ይቅሩ። ሂና ችግር የለውም። ስለ አለባበሱ ኮሌጁን አስቀድሞ መጠየቅ በመጀመሪያው ቀን ከዋርድ በር ላይ ከመከራከር ይሻላል።

ስም እና እናት

በአንድ ዋርድ ውስጥ ስንት “ማሙሽ” እና ስንት “ሚሚ” አለ! ልጃችን ልጁን በቁልምጫ ብትጠራውም መድኃኒት ሲሰጥ ግን ሙሉ ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ታመሳክር። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስም የሚወጣው ዐቂቃ በሚታረድበት በሰባተኛው ቀን ስለሆነ፣ ጨቅላው ስም ሳይኖረው በእናቱ ስም ተመዝግቦ ይተኛል። ሁለት እናቶች ሁለቱም ፋጡማ ወይም ዘሀራ ቢባሉ ልጆቹ እንዳይቀያየሩ የአባትና የአያት ስም ሳይቀር መታየት አለበት።

እናት የታመመ ልጇን ይዛ ስትመጣ ፈርታ ነው። ልጁ እንጥሉ ተቆርጦ፣ ቅንድቡ ተበጥቶ ወይም ግግ ተነቅሎለት ሊሆን ይችላል። ተማሪዋ “ምን አድርጋችሁ ነው!” ብላ ከጮኸች እናትየዋ ቀሪውን ትደብቃለች፤ ሐኪሙም ሳያውቅ ያክማል። “እናቴ፣ እዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ምን ምን አደረጋችሁለት?” ብላ በለዘበ አንደበት ብትጠይቅ ሁሉንም ታገኛለች። ሐኪም በአፉ ምንም እንዳይወስድ ያዘዘለት ጨቅላ ላይ ታህኒክ ለማድረግ ተምር ይዞ የሚመጣ ዘመድም አለ። እርሱንም በአክብሮት፣ ልጁ እስኪሻለው ይቆይ ብላ ታስረዳው።

ለልጁም እውነት ይነገረው። “አያምህም” ተብሎ የተወጋ ልጅ ሁለተኛ አያምናትም። “ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ ቶሎ ያልፋል” ማለት ይሻላል። እዚህ ላይ እናንተንም ወላጆችን እንለምናችኋለን፦ ልጅ ሲያስቸግር “መርፌ አስወጋሃለሁ” እያላችሁ አታስፈራሩ። ያ ማስፈራሪያ ልጁ የታመመ ዕለት ከአስታማሚዋ ጋር ያጣላዋል።

“ተማሪ ነኝ” ማለት

ውድ አድማጮች፣ እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል። ልጃችን ነጭ ጋውን ለብሳ ዋርድ ስትገባ አስታማሚው ሁሉ “ሲስተር!” ይላታል፤ “ዶክተር!” የሚላትም አለ። ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ሌላ አልጋ ላይ ስትሆን አባት እጇን ይዞ “ልጄን ድረሽለት” ይላታል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይፈትናታል። አንዱ ሐፍረት ነው፤ “አላውቅም ብል ይንቁኛል” ትላለች። ሌላው ርኅራኄ ነው፤ “ዝም ብዬ ከማይ አንድ ነገር ልሞክር” ትላለች።

በዚያች ቅጽበት የምትለው አስቀድሞ በአፏ ሊዘጋጅ ይገባል፦ “አባቴ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ተረኛዋን ሲስተር አሁኑኑ እጠራልዎታለሁ።” ከዚያ ቆማ አታስብም፤ ሮጣ ትጠራለች፣ ያየችውንም ትናገራለች፦ “አልጋ 6 ላይ ያለው ልጅ ትንፋሹ 64 ነው፣ ጡት መጥባት አቁሟል።” ይህ ትልቅ ሥራ ነው። “ሲስተር፣ ልጁ ደስ አላለኝም” ከማለትና ቁጥር ይዞ ከመጥራት የትኛው ቶሎ እንደሚያስነሳ ግልጽ ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ብለዋል። ኒያው መልካም መሆኑ ከተጠያቂነት አያድነውም። እንግዲህ “አላውቅም” የሚለው ቃል ለዕውቀት ፈላጊ ነውር አይደለም፤ ቀደምት ዑለማኦቻችንም በብዙ ጥያቄዎች ላይ ተናግረውታል። በሕፃን አልጋ አጠገብ ሲሆን ደግሞ አማና ነው። ልጁ “ተይኝ፣ አታውቂበትም” ብሎ ሊከለክላት አይችልምና ራሷን የምትከለክለው እርሷው ናት።

ሞትን ስታይ

በሕፃናት ክፍል የሚድኑት ብዙ ናቸው፤ ግን ሞትም አለ። ለብዙ ተማሪዎች ዓይናቸው እያየ ሲሞት የሚያዩት የመጀመሪያ ሰው ሕፃን ይሆናል። ይህን አስቀድመን ካልነገርናት ድንጋጤው ይሰብራታል። በዚያ ሰዓት እናትን “አታልቅሺ” ማለት የለባትም። የአላህ መልእክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ ዓይናቸው እንባ አፍስሷል። አጠገቧ መቀመጥ፣ ውሃ ማቀበል፣ ሬሳው በክብር እንዲሸፈን ማድረግ ይበቃል። የልጁ ቤተሰብ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን አክብሮቱ አንድ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግላቸው የነበረውን የአይሁድ ልጅ በታመመ ጊዜ ሄደው መጠየቃቸውን ታሪክ ዘግቦታል።

ተማሪዋ ከዚያ በኋላ ከአስተማሪዋ ጋር ትነጋገር። ካልተኛች፣ ምግብ ካስጠላት፣ ወደ ዋርዱ መመለስ ከፈራች ይህ የኢማን መድከም ነው ተብሎ አይፈረድባት።

የቤተሰብ ድርሻ

አሁን ወደ እናንተ እንመለስ። አንደኛ፣ ሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ልጅ ቀን ትተኛ። አዳሯን ሕፃናት ስትጠብቅ ያነጋች ልጅ ጠዋት እንጀራ ጋግሪ ብትባል፣ በማግስቱ ሌሊት የምትሠራው ስሌት ይሳሳታል። በረመዷን ይህ እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ የሱሑርና የዕረፍት ሰዓቷን ጠብቁላት።

ሁለተኛ፣ ስለ ሌሊቱ ሥራ ከተጨነቃችሁ ከመከልከላችሁ በፊት ኮሌጁን ጠይቁ። ማደሪያው የት ነው? ከማን ጋር ትመደባለች? በምን ትመለሳለች? መልሱ ካላጠገባችሁ ወንድሟ ይቀበላት፣ ወይም ከጓደኞቿ ጋር ትመለስ። ልጆቻችን ሲታመሙ የምታስታምም ሙስሊም ነርስ የምንፈልግ ሆነን ሳለ ልጃችንን ከመማር ብንከለክል የምንፈልገው ከየት ይመጣል? የኸንደቅ ዘመቻ ላይ የቆሰለው ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ በመስጂድ ውስጥ በተተከለች ድንኳን ነበር የታከመው። ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ አል-አስለሚያ ስሟ እስከ ዛሬ ይወሳል።

ሦስተኛ፣ የዋርዱን ምስጢር አትጠይቋት። “የእነ እገሌ ልጅ ምን ሆኖ ነው የተኛው?” የሚለው ጥያቄ ከጎረቤት ይመጣል። የልጁ ሕመም የቤተሰቡ ገመና ነው። የበሽተኛ ሕፃን ፎቶ በስልኳ እንዳታነሣ፣ ለማንም እንዳትልክ አስጠንቅቋት። ስታለቅስ ብታዩዋት ግን ስም ሳትጠይቁ አዳምጧት።

አራተኛ፣ የሚያስፈልጋትን ቀላል ነገር አሟሉላት። የማያዳልጥና ድምፅ የሌለው ጫማ፣ ሴኮንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት በኪስ የሚያዝ፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሁለት መቀያየሪያ ጋውን። የዋርድ ልብሷም ከቤቱ ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ልጃችን ወደ ሕፃናት ሆስፒታል ስትወጣ ዓይኗን፣ እጇንና አንደበቷን አዘጋጅታ ትሂድ። ዝም ያለውን ልጅ የምታይ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ የምትቆጥር፣ የታጠበ እጅ ያላት፣ የማታውቀውን ሳትነካ “ተማሪ ነኝ” ብላ የምትጠራ ከሆነች የሰው ልጅ አደራን ለመሸከም ጀምራለች ማለት ነው።

አላህ የታመሙ ሕፃናትን ይፈውስ፣ የሚያስታምሟቸውን እጆች ይባርክ፣ ተማሪዎቻችንንም ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው።